ያቺ ቀይ መብራት ስትበራ

በዚህ ወር ስለ ልጆች የቤት ሥራም ሆነ ስለ ጓዳ ወጪ አናነሣም። የምናወጋችሁ ስለ መኪና ነው፤ ያውም መኪና ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል ስለ አንዱ፣ ስለ ዲናሞ። «መኪና የሌለን ምን እናድርግ?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ነገር ግን በከተሞቻችን ብዙ ቤተሰብ የራሱ መኪና ባይኖረው እንኳ በወንድም ወይም በአጎት እጅ ያለች አንዲት ሚኒባስ አያጣም። እርሷ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንጀራ ታበላለች፤ ለዒድ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ደግሞ ዘመድ አዝማዱን አሳፍራ አገር ቤት ትወርዳለች። ስለዚህ የእርሷ ጤና የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችው እናትም ጉዳይ ነው።

ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ስታዞሩት ከመሪው ፊት ለፊት ከሚበሩት ምልክቶች መካከል የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት አለች። ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት። እየሄዳችሁ ከበራች፣ ወይም ደብዘዝ ብላ ከቀረች፣ ብዙው ሰው «ባትሪው አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል። ሥዕሉ የባትሪ ስለሆነ አይፈረድበትም። ሆኖም መብራቷ የምትናገረው ስለ ባትሪው ሳይሆን ባትሪውን ስለሚመግበው ዕቃ ነው። ቁልፉ ሲዞር ጨርሶ የማትበራ ከሆነም ደስ አይበላችሁ። አምፖሏ ተቃጥላ ወይም ሽቦዋ ተቆርጦ ይሆናል፤ እንዲህ ያለችው መኪና ዲናሞዋ ቢሞት ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

መካኒኮቻችን ዲናሞ የሚሉት ቃሉን ከጣሊያንኛ ወርሰው ነው፤ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ እንደሚሉት ሁሉ። በመጽሐፍ ያለው ስሙ አልተርኔተር ነው። በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የጥንቶቹ መኪናዎች ይዘውት የነበረው እውነተኛው ዲናሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ባትሪ የመሙላት አቅሙ ደካማ ነበር። የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ በ1960 እ.ኤ.አ. ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ አልተርኔተር ገጥሞ ካወጣ ወዲህ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከትለውታል። የእኛ ጋራዥ ግን የቀድሞውን ስም ስላልለቀቀ እኛም ዲናሞ እያልን እንቀጥላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት ዲናሞውን ያዞረዋል። በውስጡ ሽቦ የተጠመጠመበት የሚሽከረከር ብረት አለ፤ በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲገባለት ማግኔት ይሆናል። ማግኔቱ ሲሽከረከር በዙሪያው ባለው የመዳብ ጥምጥም ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ባትሪ ደግሞ እንዲህ የሚመላለሰውን አይቀበልም፤ የሚሻው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ነው። ስለዚህ ዳዮድ የሚባሉ ዕቃዎች ወደ አንድ በኩል ብቻ እንደሚከፈት በር ሆነው ያስተካክሉታል። ሬጉላተር የተባለው ደግሞ ቮልቱ ከ14 ተኩል አካባቢ እንዳያልፍ ወደ ካርቦኖቹ የሚገባውን ይቆጥባል። ካርቦን፣ ዳዮድ፣ ሬጉላተር፣ ኩሽኔታ፤ እነዚህን አራት ስሞች የያዘ ሰው ጋራዥ ሲሄድ የሚነገረው ነገር ባዕድ አይሆንበትም።

አሁን ወደ አታላዩ ነገር እንግባ። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ዲናሞው ሲሞት ብዙ አይቆይም፤ ሻማው ያለ ኤሌክትሪክ እሳት ስለማይሰጥ ባትሪው ሲደክም ሞተሩም ይጠፋል። በየሰፈሩ የምናያቸው የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሃያሶች ግን ሻማ የላቸውም። አንዴ ከተነሡ የሚያስፈልጋቸው የነዳጁን መንገድ ከፍታ ለምትይዝ ትንሽ ቫልቭ የሚሆን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲናሞው ሞቶም ቀኑን ሙሉ ይሄዳሉ። ሾፌሩም «መብራቷ ብትበራም መኪናው ምንም አልሆነም» ይላል። ችግሩ የሚገለጠው አንድም ሞተሩን አጥፍቶ ሊያስነሣ ሲሞክር፣ አንድም ሲመሽ ነው።

ሲመሽ ምን ይሆናል? እኛ አስተማሪዎች ሒሳብ እንወዳለንና እስቲ እናስላው። የፊት አምፖሎች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ ሁለቱ 110 ዋት። በ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፔር በላይ ነው። የኋላ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና የመስተዋት ማሞቂያው ነፋስ ሲጨመሩ 15 አምፔርን ማለፉ አይቀርም። «70 አምፔር ሰዓት» የሚል የተጻፈበት ባትሪ በወረቀት ላይ ከ4 ሰዓት በላይ ያቆያል። ሆኖም 70 የሚለው ቁጥር አዲስና ሙሉ ለሆነ ባትሪ ነው፤ ዓመታት ያገለገለው ግማሹንም ላይሰጥ ይችላል። መብራቱ ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ በርቶ ድንገት አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ይቀላል። ዐይን ስለሚለምደው ሾፌሩ ሳያውቀው በሻማ ብርሃን እንደሚነዳ ይሆናል።

የምናውቃቸው አንድ አባወራ ያወጉንን እዚህ ላይ ብናነሣው ተገቢ ነው። ለዒድ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ዘጠኝ ሆነው፣ ከእነርሱም አራቱ ሕፃናት፣ በወንድማቸው ሃያስ ይጓዙ ነበር። መኪናዋ ከወር በፊት ጠዋት ጠዋት አልነሣ ብላ አንድ ጋራዥ «ባትሪ ነው» ብሎ አዲስ አስገዝቷቸዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሆነች። አዲስ ባትሪ ሲገዛ ሙሉ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ደካማው ዲናሞም ጥቂት ጥቂት ስለሚያቀብለው፣ በሽታው ተሸፍኖ ነበር። ደግማ አልነሣ ስትል ያው ጋራዥ «የመጣው ባትሪ ብልሹ ነበር» ብሎ ገንዘብ አስጨምሮ ሌላ ቀየረላቸው። ቮልት የለካ ማንም አልነበረም።

በጉዞው ቀን ከአዲስ አበባ የተነሡት ከዐስር በኋላ ስለነበር ከደብረ ብርሃን አልፈው ጣርማ በር ሲደርሱ መሸባቸው። ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አለ፣ ከዋሻው በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ጉሙም የተለመደ ነው። መብራቱ እንደ ፋኖስ ቀላ፤ ጥሩምባውም ድምፁ ታፈነ። ወንድምየው «እማዬ፣ ደብረ ሲና እኮ ቅርብ ነው፤ ቀስ ብለን እንወርዳለን» ሲላቸው፣ እናታቸው «ልጄ፣ ገደሉን ሳናየው አንወርድም። አቁም» አሉት። አቆመ። ሌሊቱን በዚያ ብርድ ሕፃናቱን በጋቢ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ አደሩ። ሲነጋ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በኬብል አስነሣላቸውና መብራት ሳያበሩ በቀን ብርሃን ደብረ ሲና ወረዱ። እዚያ ያገኙት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዲናሞውን ሲከፍተው ካርቦኖቹ አልቀው ጫፋቸው ብቻ ቀርቷል። የጥንድ ካርቦን ዋጋ ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም፤ እርሳቸው ግን ሁለት ባትሪ ገዝተው ነበር። የእናትየውን ብልኅነት ከማንኛውም መካኒክ ችሎታ አስበልጠን እናየዋለን።

ታዲያ ባትሪውንና ዲናሞውን በምን እንለያቸዋለን? በቴስተር። ይህ ትንሽ መለኪያ ርካሽ ነው፤ ከአንድ የጋራዥ ምልልስ ያነሰ ያስወጣል። ወደ ቀጥተኛ ቮልት፣ በ20 ምልክት ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ገመድ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቭ ላይ አስነኩ። መኪናው ለሰዓታት ቆሞ ሲለካ 12.6 ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ከዚያ ሞተሩ ይነሣና እንደገና ይለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበባችሁ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። የፊት መብራቱንና ነፋሱን አብርታችሁ ሞተሩን ትንሽ ከፍ ስታደርጉትም ከ13.5 መውረድ የለበትም። ሞተሩ እየሠራ ያው 12 ምናምን ላይ ከቀረ፣ ይባስም ብሎ እየወረደ ከሄደ፣ ባትሪው እየተበላ እንጂ እየተሞላ አይደለም። ከ15 በላይ ካሳየ ደግሞ ሬጉላተሩ መቆጣጠር አቅቶታል ማለት ነው፤ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖሎችንም ያቃጥላል። ባትሪው ራሱ የሚፈተነው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር ነው፤ በዚያ ቅጽበት ከ9.6 ገደማ በታች ከወረደ እውነትም አርጅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አጥብቀን እንቃወማለን። ብዙ ጋራዦች ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅሉና «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላሉ። በመጀመሪያ ነገር፣ ከላይ እንዳልነው የድሮ ናፍጣ ሞተር በትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ፈተናው ስለ ዲናሞው ጥንካሬ ምንም አይነግረንም። ከዚህም በላይ ባትሪው እንደ ትራስ ሆኖ የሚቀበለው ኤሌክትሪክ ድንገት መሄጃ ሲያጣ ቮልቱ ለአፍታ ይዘላል፤ ደህና የነበሩትን ዳዮዶችና ሬጉላተር ሊያቃጥል ይችላል፤ በአዳዲሶቹ መኪናዎች ኮምፒዩተሩንም ጭምር። ገመዱን ሊነቅል የመጣውን «ወንድሜ፣ እባክህ በቴስተር ለካልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ዲናሞው አይሞላም ከተባለም ቶሎ አይፈታ። በቅድሚያ ቺንጋው ይታይ፦ የላላ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ይንሸራተታል፤ ጠዋት ሲነሣ የሚጮኸውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ቀጥሎ ፊውዝ። ለቻርጅ የተመደበችው ትንሽ ፊውዝ ተቃጥላ ከሆነ ካርቦኖቹ ኤሌክትሪክ አያገኙም፤ ጤነኛው ዲናሞ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ይህችን ሳያዩ ዲናሞ ያስገዙ እንዳሉ ሰምተናል። ከዚያ የባትሪው ጫፎች፣ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የያዙ ከሆነ በሙቅ ውኃ ታጥበው ይፈተጉ። በመጨረሻ ከዲናሞው ጀርባ ወደ ባትሪ የሚሄደው ወፍራም ገመድ አለ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በዲናሞው መውጫ፣ ሌላው በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ሲሆን ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ይህን የምትለኩ እህቶችና ወንድሞች የሻርፕን ጫፍና የጀለቢያን እጅጌ ከቺንጋው አርቁ፤ ቀለበትም አውልቁ፤ ፖዘቲቩን ከብረት ጋር ያገናኘ ቀለበት ወዲያው ግሎ ጣት ያቃጥላል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ዲናሞው ከተያዘ የትኛው ክፍሉ እንደታመመ ምልክቶቹ ይናገራሉ። ቀዩዋ መብራት እየበራች እየጠፋች ከቆየች፣ ዲናሞውንም በመፍቻ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት ለጊዜው ከሞላ፣ ካርቦን ነው ማለት ይቻላል። መብራቷ ደብዘዝ ብላ ከቀረችና ሬዲዮው ሞተሩ ሲጮኽ አብሮ የሚያፏጭ ከሆነ ዳዮድ ይጠረጠራል፤ ቴስተሩን ወደ ተመላላሽ ቮልት አዙሮ በባትሪው ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ መኪና ዲናሞው ጠዋት ሲነካ ለብ ካለ ዳዮዱ ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ እያሳለፈ ባትሪውን ሲጠጣ አድሯል። የሚያጓራ ወይም የሚንኳኳ ድምፅ ከሆነ ኩሽኔታው ነው፤ ይህን ችላ ካሉት ደርቆ ይቆምና ቺንጋውን ይበጥሳል።

ይጠገን ወይስ ይቀየር? የእኛ አስተያየት ካርቦን፣ ሬጉላተርና ኩሽኔታ ሲሆን ማስጠገን፣ የመዳቡ ጥምጥም ከተቃጠለ ወይም የሚሽከረከረው አካል ከተበላ መቀየር ነው። ጥምጥም እንደገና የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸው የተመሰከረላቸው ካልሆኑ ግን ገንዘቡም ጊዜውም ሁለት ጊዜ ይወጣል። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ወይ አዲስ፣ ወይ ከሌላ መኪና የተፈታ ነው። የተፈታ ኦርጅናል ከርካሽ አዲስ ኮፒ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ግን ከመግዛት በፊት በጠረጴዛ ላይ አስዙሮ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩም ያለበትን ዐይብ ደብቆ መሸጥ በሃይማኖታችን እንደማይፈቀድለት ያውቃል፤ እኛም «ካልሞላ እመልሳለሁ» ብለን በምስክር ብንስማማ አይጎዳንም። አሮጌውን ይዞ መሄድ ግዴታ ነው፦ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው አምፔር፣ የፑሌጃው የቺንጋ ቦይ ብዛት፣ የቡሎን ጆሮዎቹ ርቀትና የሶኬቱ እግሮች ተመሳስለው መገኘት አለባቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ዘግየት ብለን የምንናገረው አንድ ጉዳይ አለ። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በተባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ዲናሞው ከጀርባው ሌላ ዕቃ አዝሏል፤ የቫኪዩም ፓምፕ። ይህ ፓምፕ አየር እየሳበ የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልለውን ሰርቮ ያሠራል። የቤንዚን ሞተር ይህን ጉልበት ከራሱ የአየር መሳቢያ ሲያገኝ ናፍጣው ስለማያገኝ ነው ፓምፑ የተጨመረለት። እንግዲህ አስቡት፦ በእነዚህ መኪናዎች ቺንጋው ቢበጠስ ባትሪው መሞላቱ ይቆማል፣ ያው ቺንጋ የውኃውን ፓምፕ ስለሚያዞር ሞተሩ ይግላል፣ ከጥቂት መርገጥ በኋላም ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ሰው የተሞላች ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ለማቆም ሙሉ የእግር ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ቀዩዋ መብራት ቁልቁለት ላይ ከበራች ጥግ ይዞ ማቆም እንጂ «እስከ ከተማው ትደርሳለች» ማለት አይገባም። «ፓምፕ የሌለው ዲናሞ አለ፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ይገጥምልሃል» የሚላችሁን ሰውም አትስሙት።

ሲቀየር የሃያስ ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ወንበሩ ይነሣል፤ ሞተሩም መቀዝቀዝ አለበት። የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 መፍቻ መፍታት ነው፤ ይህ ሳይሆን የዲናሞውን ወፍራም ገመድ የነካ መፍቻ ብልጭታ ያስነሣል። ከዚያ ሶኬቱና ወፍራሙ ገመድ፣ ወደ ፍሬን የሚሄደው የቫኪዩም ጎማ፣ ፓምፑን የሚያጠጡት የሞተር ዘይት ማስገቢያና መመለሻ ይፈታሉ። የማስገቢያው ቡሎን የመዳብ ዋሸሮች አሉት፤ ያረጁትን መልሶ መግጠም ዘይት ያስፈስሳል፤ አዲስ ይገዛላቸው። ማስተካከያው ቡሎን ሲላላ ዲናሞው ወደ ሞተሩ ይጠጋና ቺንጋዎቹ ይወጣሉ። ጥንድ ከሆኑ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ፤ አሮጌና አዲስ አብረው ሲሠሩ ሸክሙ በአዲሱ ላይ ይወድቃል። አዲሱን ዲናሞ ከመግጠም በፊት በፓምፑ የዘይት መግቢያ ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት ጠብ ይደረግለት፤ ደርቆ መዞር የለበትም። የቺንጋው ውጥረት በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጎብጥ ይበቃል። ከመጠን በላይ የወጠረው ቺንጋ የዲናሞውንና የውኃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

ባዶ የሆነ ባትሪ ላይ አዲስ ዲናሞ ገጥሞ ረጅም መንገድ መውጣትን አንመክርም። ዲናሞው የተሠራው የጎደለውን ለመሙላት እንጂ የሞተ ባትሪ ለማስነሣት ስላልሆነ ለሰዓታት በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይግላል፤ ባትሪው አስቀድሞ በቻርጀር ይሞላ። ሞተሩ ሲነሣ ቀዩዋ መብራት መጥፋቷ፣ ቴስተሩ 14 አካባቢ ማንበቡ፣ በፓምፑ ዙሪያ ዘይት አለመንጠባጠቡ ይታይ። ፍሬኑ ደግሞ እንዲህ ይፈተናል፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ይጠነክራል። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ፓምፑ ይስባል ማለት ነው፤ ካልወረደ መኪናው ከግቢ አይውጣ። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚሳብ ከሳምንት በኋላ ውጥረቱ አንድ ጊዜ ይታይለት። አሮጌው ዲናሞም ቢሆን ለዕቃ ሻጭ በነጻ አይሰጥ፤ ኩሽኔታው፣ ካርቦኑና መዳቡ ዋጋ አላቸው።